የጉም ሻለቃ ዓላማ

ሃምሳ አለቃ ሸዋንዳኝ ጧት ጧት ከአልጋቸው ሳይወርዱ "ይኼ ባና ቀለለኝ" ማለት ከጀመሩ ሰነበቱ። ቀለለኝ የሚሉት ማታ ማታ የሚለብሱትን፣ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራውን፣ ሁለት ሆኖ ተደርቦ የተሰፋውን ጥቁር ባና ነው። ሴት ልጃቸው ተሾመች መጀመሪያ ብርዱ ነው አለቻቸው፤ ቀጥላ ዕድሜ ነው አለቻቸው፤ በመጨረሻ ክርክሩን ትታ ከላዩ ላይ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችላቸው፤ እሳቸውም በእግራቸው ገፍተው መሬት ላይ ጣሉት። መሐል ሜዳ ውስጥ ባና ከበደኝ የሚል እንግዳ አይጠፋም። ቀለለኝ ያለ ሰው ግን እስከዛሬ አልተሰማም። ስለዚህ ነገሩ እንደ ሽማግሌ ብስጭት ተቆጥሮ ታለፈ። ከሌላዋ ልጃቸው የተወለደችው የልጅ ልጃቸው ጽናት እንኳ ጸጉር ቤቷን ልትከፍት ስትሮጥ "አባባ፣ እኔን ደግሞ የቤት ኪራዩ ከብዶኛል፤ እንቀያየር" ብላቸው ነበር የምትወጣው።

ያን ቅዳሜ ግን ጸጉር ቤቷን አልከፈተችም። ከሳምንት ጀምሮ ወንበሯ ላይ የተቀመጠች ሴት ሁሉ፣ ሹሩባ ብትሠራም የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ብትገባም፣ አንድ ነገር ሰምታ ነው የተነሣችው፤ የሃምሳ አለቃ ሸዋንዳኝ ዓላማ፣ ያ የጦር ባንዲራ፣ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት በከተማው አዲስ ለተከፈተው የቅርስ አዳራሽ ይሰጣል። ከወፍጮ ቤቱ ሰፈር የመጡ ሴቶች ሲሆኑማ ካስኩን አጥፍታ ነበር የምትነግራቸው፣ አልሰማንም እንዳይሉ። ምክንያት አላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ገብስ ተሸክማ ተራ ስትጠብቅ ከኋላዋ "ያ ባንዲራ ለፈረንጅ ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው ሰውዬ የልጅ ልጅ" ሲባል ሰምታለች። ቆርቆሮው ዝጎ፣ በክረምት እያፈሰሰ፣ በበጋ እየተንቋቋ፣ ወሬው ግን አንድ ቀን አልዛገም። አያቷ ደግሞ መልስ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ጫማቸውን ይወለውላሉ።

የጉም ሻለቃ ሲባል የሰሙ ሽማግሌዎች ዛሬም ወገባቸውን ያቀናሉ። እግረኛ ጦር ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ በጉም ተሸፍኖ ገብቶ ጉሙ ሲገለጥ ምሽጉ ላይ ይገኛል ይባልለታል። ዓላማውን የሚይዙት ሸዋንዳኝ ነበሩ። የንጉሡ ጊዜ አልፎ አንበሳ ያለበት ሁሉ ተሰብስቦ ይቃጠል በተባለ ሰሞን ዓላማው ከተሰቀለበት ጠፋ። የት እንደገባ ሃምሳ አለቃ ለሚስታቸው እንጂ ለማንም አልተነፈሱም፤ ሚስታቸውም ምስጢሩን ይዘው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አሁን አዳራሹ ሲከፈት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በዱላቸው እየተደገፉ ሄደው "እኔ ዘንድ አለ፤ ቀን ቁረጡና ኑ" ብለው ተመለሱ። ቤት ውስጥ የት እንደሆነ ግን እስከዚያች ጧት አልተናገሩም።

ያን ጧት ተላጭተው፣ የቆየውን የወታደር ካፖርት ለብሰው፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጽናትን ጠሯት። ምላጭ ሰጧትና የባናውን ጠርዝ እያሳዩ ይህን ስፌት ፍቺ አሏት። ጽናት በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባት። ከአርባ ዘመን በላይ ሲያንቀላፉበት የኖሩት፣ እሷም በልጅነቷ ብርድ ብርድ ሲላት ሥሩ የምትሸጎጥበት ባና ሆዱ ውስጥ ነበር ለካ ዓላማው። ሹሩባ መፍታት ሥራዋ ነው፤ ባናውን ሳትቀድ ሳታቆስል ስፌቱን በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር ለቀቀችው። ከዚያ ሁለቱን ሽፋን እንደ መጽሐፍ ገለጠች።

ከውስጡ ሌላ ባና ወጣ። አሮጌ፣ ቡናማ፣ ብል የበላው፣ ሰው ለሙቀት ብሎ ከአዲሱ ሥር የሚደርበው ዓይነት። ሐር የለም። ወርቅ የለም። አንድ የገብስ አገዳ ወደቀ፤ ሌላ ምንም።

ሃምሳ አለቃ አልጮኹም። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ቀስ ብለው፣ "የእናትሽ እናት የሰፋችው በወታደር ጫማ ክር ነው" አሉ። "ይኼ የጥጥ ክር ነው። ይኼ የኔ ባና አይደለም። ቀለለኝ አላልኩም?"

ተሾመች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ ሲለዋወጥ ጽናት አየችና መልሱን ከአክስቷ አፍ ሳይሆን ከፊቷ አነበበችው። ለአቶ አወቀ ልቅሶ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ድንኳን ውስጥ ለሚያድር እንግዳ ከየቤቱ ባና ሲሰበሰብ ተሾመች የሰጠችው እሱን ነው። ሌላውን ልስጥ ብትል ተቀዶ ነበር፤ የተቀደደ ባና ልቅሶ ቤት ልካ በማን ዓይን ልትታይ? አባትየውም የዚያን ሰሞን ደብረ ብርሃን ለሕክምና ሄደው ነበር። ባናው ተመልሶ መጣ፤ ጥቁር ነበር፣ ድርብ ነበር፣ ማን የማንን ክር ያያል? ተሾመች ይህን ሁሉ መሬት መሬት እያየች ስትናገር ሃምሳ አለቃ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለልቅሶ የተጠየቀ ባና አይከለከልም፣ ደግ አድርገሻል። ከዚያ ጫማቸውን አንሥተው መወልወል ጀመሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንግዶቹ ይመጣሉ። ወፍጮ ቤት ያሉት ሴቶችም ይመጣሉ፤ ጽናት ራሷ ነች የጠራቻቸው።

ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታጣፋ ወጣች። የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በጎችና ባጃጆች ተጣልፈውበታል፤ ነጋዴው የአንድ ሙክት ዋጋ ሲጠራ ሰው ሁሉ የሰው ዋጋ የሰማ ያህል ይደነግጣል። የሟቹ የአቶ አወቀ ሚስት እማማ ጌታነሽን ጥቁር ለብሰው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ አገኘቻቸው። ኀዘንተኛ ቤት ገብቶ ባናዬን ብሎ መጀመር ነውር ነው፤ ስለዚህ ተቀመጠች፤ ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች፤ ሟቹን አነሣች፤ ምስርም አብራ ለቀመች። ሴትየዋ ሞኝ አይደሉም። ጠጠሩን ወርውረው ያመጣሽን ተናገሪ፣ ምስሬን ከነጠጠሩ እየቀላቀልሽብኝ ነው አሏት።

ስትነግራቸው ሳቁ። ከልቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ይኼኔ ሳይሆን አይቀርም። ከሞላሌ የመጡት የባለቤታቸው ዘመዶች ናቸው፤ የየራሳቸውን ባና ይዘው መጥተው አድረው ጎህ ሳይቀድ መኪና እንዳያመልጣቸው በጨለማ ያገኙትን ባና ጠቅልለው የሄዱት። የምሥራች የምትባለው ሴትዮ ደግሞ ቤቷ ደርሳ ስትደውል ምን አለች? ባናውን ተሸክማ ከመኪናው እስከ ቤቷ ትከሻዋ ሊወልቅ እንደነበር፣ ሐዘን ባና ያከብዳል እንዴ ብላ ነበር የጠየቀችው። ጽናት ከመቀመጫዋ ተነሣች። እማማ ጌታነሽ ነጠላዋን ያዝ አደረጉና ባሏን ታውቂዋለሽ አይደል አሉ።

"ማነው?"

"ናሁሰናይ ነዋ። አሥር አለቃ ናሁሰናይ።"

ጽናት መልሳ ቁጭ አለች። ያ "ሸዋንዳኝ ዓላማውን ሸጦታል" የሚለው ወሬ እግር አውጥቶ ወደ መሐል ሜዳ የመጣው ከሞላሌ ነው፤ አፉም አሥር አለቃ ናሁሰናይ ናቸው። የአንድ ሻለቃ ሰዎች ናቸው ሁለቱ። ገበያ ላይ ሲገናኙ አንደኛው ወደ ጨው ተራ ሌላው ወደ በግ ተራ ይታጠፋል፤ ይህን አገር ያውቃል። እማማ ጌታነሽ እንደውልላት ወይ ሲሉ ጽናት በሁለት እጇ ስልኩን ከለከለች። ስልኩን የሚያነሡት እሳቸው ቢሆኑስ? ባናውን ገልጠው ቢያዩስ?

መናኸሪያ ስትደርስ ረዳቱ "ሞላሌ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው" እያለ ይጮኻል፤ ስትገባ ግን አንድ ሰው የሚባለው ገና አራት ነው። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብላ ጠየቀች፤ ዛሬስ ሰላም ነው አላት፤ ዛሬስ የምትለዋን ቃል ሁሉም ተሳፋሪ ሰምቶ ሁሉም ወደ መስኮት ዞረ። ለገበያው ቀን ብለው የጨመሩትን ታሪፍ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ሹፌሩ አያት ድረስ ስድብ ታወርድበት ነበር፤ ዛሬ ሳትቆጥር ከፈለች። መስኮቱን ከፍታ ስትጓዝ የሜዳው ቁር ፊቷን ይገርፋታል፣ የታጨደው የገብስ ማሳ እየተገላበጠ ያልፋል። ልቧ ግን ከሚኒባሱ ቀድሞ ሞላሌ ገብቷል።

ቤቱ ከገበያው ዝቅ ብሎ የድንጋይ ካብ ያለው ግቢ ነው። የምሥራች እጃቸው ገንፎ ተለቅልቆ ወጡ፤ ልጃቸው መሲ ወልዳ ቤቱ አራስ ቤት ሆኗል። አሥር አለቃስ? ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ለነገ ለመቁረብ ተዘጋጅተው አራስ ወዳለችበት ጓዳ እንኳ ዝር አይሉም። ጽናት አምላኳን በልቧ አመሰገነችና ጓዳ ገባች። ጓዳው ጨለማና ሙቅ ነው፤ ቅቤና አብሽ ይሸታል። መሲ ራሷ ላይ ቅቤ ጉች አድርጋ ተጋድማለች፤ ሕፃኗ ከጎኗ እፍኝ ታህላለች፤ በሁለቱ ላይ ደግሞ ጥቁር፣ ድርብ፣ ዳር ዳሩን በወፍራም የጫማ ክር የተሰፋ ባና። ጽናት ተንበርክካ ክሩን ዳሰሰች። የሴት አያቷ እጅ ነው። ባናውን ከላይ ጫን ስታደርገው ከውስጥ የሚሻክር ነገር መለሰላት።

እውነቱን ለሴቶቹ ነገረቻቸው፤ ሌላ ምን ትላለች? የምሥራች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መሲ ግን ዓይኗ በራ። ከወለደች ጀምሮ ከዚያ ባና ሌላ እንቅልፍ የሚያስወስዳት አላገኘችም፤ ከብዶ ሰውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። "እና እኔ በባንዲራ ነዋ የታረስኩት" አለች፤ እየሳቀች ጎኗን ያዘች። ፍቺው፣ ግን ባናውን ከልጄ ላይ እንዳታነሺ፣ ብርዱ ይገድላታል አለቻት። ጽናትም ባናውን ሳታነሣ፣ ከእግርጌ በኩል ቁጭ ብላ፣ ስፌቱን መፍታት ጀመረች። ሕፃኗ አንዴ ተንቀሳቀሰች፤ ሁሉም እጁን አቆመ፤ ተኛች። የመጀመሪያው ወርቃማ ዘርፍ ጫፉን ሲያወጣ ከውጭ ዱላ ድንጋይ መታ።

አሥር አለቃ ናሁሰናይ መጋረጃው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ውስጥ አይገቡም፤ መጋረጃውንም አይገልጡም። ማነው የገባው ብለው ጠየቁ፤ ሚስታቸው መዋሸት አልሆነላቸውም። ገንፎው በምድጃው ላይ ሲንፈቀፈቅ ይሰማል። ጽናት ይኼኔ ይጮኻሉ፣ ይረግማሉ ብላ ጠበቀች። ድምፃቸው ግን ሲመጣ እንደ ፈተና ጠያቂ ነበር።

"ዘርፉ የተቃጠለው በየት በኩል ነው?"

ጽናት ዓላማውን በጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ጓዳው ውስጥ አረንጓዴው ጠቆረ፣ ቢጫው ግን የራሱ መብራት ያለው ይመስል ነበር። "በታች፣ በግራ" አለች።

"አረንጓዴው ላይስ?"

"ጥይት በስቶታል። ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ነው ያሉት፤ ጣቴ ይገባል።"

"አንበሳው መስቀሉን በያዘበት እግር ሥር እዪ።"

እጇን አንቀሳቀሰች። ሐሩ ተቀዶ የተጠገነ ቦታ ነበር። "ነጭ ክር ነው። የተጣመመ ስፌት፣ የጨርቅ ሥራ የማያውቅ ሰው የሰፋው። የሴት እጅ አይደለም።"

ከመጋረጃው ማዶ ትንፋሽ ተሰማ። "የኔ እጅ ነው" አሉ አሥር አለቃ። "ከቁስል ፋሻ ክር መዝዤ ነው። ምሽግ ውስጥ፣ እሱ እየያዘልኝ።"

ቀጥለው የተናገሩት ሲጠራቀም የኖረ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ዓላማው የጠፋ ለት ዘብ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ጧት ባዶ እንጨት አገኙ። ተገረፉ፤ ታሰሩ፤ ሸዋንዳኝ ግን በሰላም ጡረታውን ይዞ መንዝ ገባ። አንዲት ቃል አልነገራቸውም። ዘብ ላይ ያለ ጓደኛውን፣ ዓላማ ሲይዝ ቀኙን የሚያጅበውን ሰው! ስለዚህ ዓላማው ወደ ቤታቸው በእግሩ ከመጣ የእሳቸው ድርሻ ነው፤ ከዚህ ቤት አይወጣም። ሚስታቸው ኧረ አንተ ሰው ቢሉም አልሰሙም። መሲ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ጽናት ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም፤ አያቷ ሲወለውሉ የኖሩት ጫማ በዚያች ደቂቃ ታያት።

"ጋሼ" አለች፣ "ጥፋቱ የአያቴ ነው፤ አልከራከርዎትም። ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሌባ ሲሉት ኖረዋል። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ዓላማው ሲጠየቅ የተገኘው የት ነው ይባል? አሥር አለቃ ናሁሰናይ ቤት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሰፍቶ። ወሬውን እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን፤ ስሙን ብቻ እንቀይራለን።"

የምሥራች በድንጋጤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመጋረጃው ማዶ ግን ሳል የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ሳል አልነበረም። አሥር አለቃ ምላሷ የማን ነው ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ፤ የሸዋንዳኝማ አይደለም፤ እሱ ምላስ ቢኖረው ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። እንደ ነጠላ አትጠቅልይው፤ አንበሳው አይሰበር፤ ቀዩን ወደ ውስጥ፣ ዘርፉን ወደ ላይ እያሉ ሳያዩ አሳጠፏት። ጽናት በንጹሕ ጋቢ ሸፍና ስትወጣ ካፖርታቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ጥቅሉን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከአራስ ቤት መውጣቱ ትዝ ሲላቸው ገቱት። ሦስት ጣት የምታህል ርቀት ላይ እጃቸው ቆሞ ቀረ።

ረዳቱ ጥቅሉን ጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ ልጫነው ሲል አሥር አለቃ የተመለከቱት አተያይ ሰውዬውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አስኬደው። ይኼ ተሳፋሪ ነው ብለው የአንድ ሰው ሒሳብ ከፈሉለት። እናም የጉም ሻለቃ ዓላማ ጋቢ ለብሶ፣ በመስኮት በኩል በተቀመጠችው በጽናትና አንዲት ዶሮ በያዘች ሴት መሐል ተቀምጦ ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰ። አሥር አለቃ ፊት ጋቢና ነበሩ። መንገዱን ሙሉ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር፣ ዞር ብለው ያዩት ነበር።

የአዳራሹ ግቢ ሲደርሱ የእንግዶቹ ንግግር አላለቀም፤ ጽናት በዕድሜዋ ለረዥም ንግግር እግዜር ይስጥልኝ ያለችው ያን ቀን ብቻ ነው። ተሾመች እንግዶቹን በጠላና በገብስ ቆሎ፣ ቆሎው ሲያልቅ በወሬ ይዛቸዋለች። ሃምሳ አለቃ ጫማቸው እየበራ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸውን አዩ፤ ጥቅሉን አዩ፤ ከኋላዋ የሚመጣውን ሰው ሲያዩ ግን ፊታቸው እንደ ግድግዳ ሆነ። የት ነበር ብለው ጠየቋት። ሞላሌ፣ አሥር አለቃ ናሁሰናይ ቤት፣ አራስ ላይ አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው መሬቱን አዩ። አሥር አለቃም ሰላም ሳይሉ ሄደው ከሕዝቡ ኋላ ቆሙ።

ለቅርሱ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ወይዘሪት ጥሩሸዋ ነጭ ጓንት አጥልቃ ዓላማውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ብል አልነካውም፤ ፀሐይ አልነካውም፤ ማን ነው እንዲህ ያስቀመጠው ትላለች። ቀለሙን፣ ወርቁን፣ የጥይቱን ቀዳዳ እያየች ሄዳ ሄዳ አንድ ጥግ ላይ ቆመች። ይሄ ግን እርጥብ ነው፣ አዲስ ነው፣ ምንድን ነው አለች። ጽናት ወደ ሰማይ አየች። ከሕዝቡ ኋላ የአሥር አለቃ ድምፅ መጣ።

"እሷ ቤቴ ያለች አዲስ ምልምል ናት። ገና ስም አልወጣላትም።"

ነገሩ የገባው ሳቀ፤ ያልገባውም አብሮ ሳቀ። ሃምሳ አለቃ ግን አልሳቁም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፤ ዓላማው በአዲስ እንጨት ላይ ይታሰራል፤ ሃምሳ አለቃ ከግቢው በር እስከ አዳራሹ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ያስረክባሉ። ታሰረ። ያዙት። ነፋሱ ሲነሣ ሐሩ ጧ ብሎ ተዘረጋ፤ ሕዝቡ ሆ አለ፤ ወሬውን ስታወራ የኖረችው የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ እንኳ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር። ተማሪዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሃምሳ አለቃ ግን አልተንቀሳቀሱም። ጭብጨባው ደከመና ቆመ። ሰብሳቢው ቀረብ ብሎ አባቴ፣ ይሂዱ እንጂ አላቸው። ታመዋል ብሎ ወንበር አስመጣ። ወንበሩን አላዩትም። ቀጥ ብለው ፊት ለፊት እያዩ፣ ለማንም ሳይሆን፣ እንደ ሪፖርት ተናገሩ።

"ቀኝ ባዶ ነው።"

ሰብሳቢው ግራ ገብቶት ራሱ በቀኛቸው መጥቶ ቆመ፤ በዓይናቸው ብቻ መለሱት። ጽናት ያን ጊዜ ገባት፤ ወደ ኋላ ዞረች። አሥር አለቃ ዱላቸውን ይዘው ከቆሙበት አልነቃነቁም። ሰው ሁሉ ወዲያና ወዲህ ማየት ጀመረ። ነፋሱ ብቻ ዓላማውን ያንፈራግጠዋል።

"ማነው ባዶ ያደረገው?" አሉ አሥር አለቃ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው።

ሃምሳ አለቃ አልዞሩም።

"እኔ።"

ይቺን ቃል ሰው ሁሉ ሰማት፤ ምን ማለት እንደሆነች ያወቁት ግን ሦስት ናቸው። አሥር አለቃ ሕዝቡን በክርናቸው እየከፈሉ መጡ፤ በቀኝ በኩል ቆሙ፤ ዱላቸውን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። ሁለቱም በግራ እግር ተነሡ። ተሾመች እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሴቶቹ ተቀበሏት።

ከአዳራሹ በር ሲደርሱ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ቆሙ። የበሩ ጉበን ዝቅተኛ ነው፤ እንጨቱ ደግሞ ረዥም። ዘንበል ቢያደርጉት ይገባል። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ወደ ጽናት ጠጋ ብላ ምነው ዘንበል ቢያደርጉት አለቻት። ጽናት ለዚህች ሴት ከሳምንት ጀምሮ የሳለችው ብዙ ስድብ ነበር፤ ሁሉም ጠፋት። "ዓላማ አይዘነብልም" ብቻ አለቻት።

ሽማግሌዎቹ አልተነጋገሩም። ሃምሳ አለቃ ሸዋንዳኝ ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ፤ አሥር አለቃ ናሁሰናይም በቀኛቸው ቁጢጥ አሉ። ዓላማው እንደቆመ፣ ቀጥ እንዳለ፣ ሁለት ሰባዎቹን የዘለሉ ሰዎች ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ካፖርታቸው መሬት እየጠረገ፣ እንደ ዳክዬ እየተወናጨፉ ጉበኑን አለፉ። እልልታው ቆርቆሮውን ሊነቅለው ደረሰ። ጽናት እየገፋች እስከ በሩ ሄደች፤ ከውስጥ ጨለማው ዓላማው ብቻ ነው የሚታየው፤ ከሥሩ ግን የሁለት ሰው ማንኮራፋት የመሰለ ትንፋሽ፣ ቀጥሎም የአሥር አለቃ ድምፅ ተሰማ።

"በል አሁን አንሣኝ፤ ጉልበቴ ተቆለፈ።"

"እጄ ተይዟል" አሉ ሃምሳ አለቃ። "ዓላማ ይዣለሁ። ራስህ ተነሥና አንተ አንሣኝ።"